ኤልክን በባህላዊ ቀስት ማደን፦ በፈቃድ የተተወ ኃይል

ኤልክ በሰሜን አሜሪካ ሮኪ ተራሮች የሚኖር የአጋዘን ወገን ነው። ወንዱ 300 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ቀንዱን በየዓመቱ ጥሎ አዲስ ያበቅላል፤ በስሪያ ወቅቱ ደግሞ ከጥዱ ውስጥ ፉጨት የመሰለ ረጅም ጩኸት ያሰማል። ኮሎራዶ፣ ሞንታና፣ ዋዮሚንግና አይዳሆ ይህን ወቅት፣ ማለትም ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም 20 ድረስ ያለውን ጊዜ፣ በአብዛኛው ለቀስተኛ አዳኞች ይሰጣሉ። ከቀስተኞቹም መካከል ጥቂቶቹ መዘውርም ሆነ ማነጣጠሪያ መነጽር የሌለውን ባህላዊ ቀስት ይመርጣሉ። ምርጫው የፍልስፍና ጥያቄ ያስነሣል። ከ300 ሜትር ርቀት የሚገድል ጠመንጃ በሱቅ እያለ ደካማውን መሣሪያ አውቆ የሚያነሣ ሰው በጎ አደረገ ይባላል ወይ? ኃይልን በፈቃድ መተው በብዙ ሃይማኖት የተመሰገነ ነው፤ እዚህ ግን የመተዉ ውጤት የሚነካው ሌላ ፍጡር አለ።

የመሣሪያዎቹ ልዩነት ነገሩን ስለሚወስነው በቅድሚያ መታየት አለበት። የሚዙሪው ሆለስ ዊልበር አለን እ.ኤ.አ. በ1969 የፈጠራ መብት ያገኘበት ኮምፓውንድ ቀስት በጫፎቹ ላይ መዘውር አለው። መዘውሩ ከዞረ በኋላ በእጅ ላይ የሚቀረው ከሙሉው ክብደት ጥቂቱ ብቻ ስለሆነ፣ ተኳሹ ስቦ እንደያዘ ረጋ ብሎ ያነጣጥራል። ባህላዊው ቀስት ግን፣ ረጅሙም ይሁን ጫፉ ወደ ውጭ የታጠፈው ሪከርቭ፣ እንዲህ ያለ ምሕረት የለውም። 50 ፓውንድ ወይም 23 ኪሎ ገደማ የሚከብድ ቀስት እስከ መጨረሻው ሲሳብ ክብደቱ ሁሉ በሦስት ጣቶች ላይ ያርፋል፤ ጥቂት ሴኮንዶች ካለፉ ክንድ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ፍላጻው በሴኮንድ 50 ሜትር ገደማ ይበርራል። ኤልኩ 18 ሜትር ላይ ቢቆም ፍላጻው እስኪደርስ የሴኮንድ ሲሶ ያህል ይፈጃል፤ የአውታሩ ድምፅ ግን በሴኮንድ 340 ሜትር ስለሚሄድ ይቀድመዋል። በ40 ሜትር ላይ የፍላጻው ጉዞ ወደ አንድ ሴኮንድ ይጠጋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ኤልኩ አንድ እርምጃ ይራመድና ለሳንባ የታለመው ጨጓራ ላይ ያርፋል። ጠንቃቃ ባህላዊ ቀስተኛ ከ20 ሜትር በላይ መተኮስን እንደ ድፍረት የሚቆጥረው ለዚህ ነው።

ሃያ ሜትር በተራራ ላይ ምን ማለት እንደሆነ የሚገባው ከቅርብ ሲታይ ነው። አዳኙ ከባሕር ጠለል 3,000 ሜትር ከፍ ባለ ተዳፋት ላይ፣ ከወደቀ ግንድ ጀርባ ተንበርክኳል። ከትንሽ ጠርሙስ ደቃቅ ዱቄት ነፋ አድርጎ ነፋሱ ወደ ፊቱ እንደሚመጣ ያረጋግጣል። ማለዳ አየሩ ወደ ሸለቆው ይወርዳል፤ ፀሐይ ስትሞቅ ዞሮ ሽቅብ ይወጣል፤ ያን ጊዜ የሰው ጠረን ኤልኩ አፍንጫ ይደርስና ነገሩ ሁሉ ያበቃል። ወንዱ በራሱ ሽንትና በጭቃ የጠቆረ አንገቱን ዘርግቶ ሲመጣ ሽታው ከመልኩ ይቀድማል። ዓይኑ ከዛፍ ግንድ ጀርባ እስኪገባ ቀስት አይሳብም። ፊት ለፊት ከቆመ ደረቱ በአጥንት የተዘጋ ነው፤ ጎኑን ቢሰጥ እንኳ የፊት እግሩን ካላራመደ የትከሻው ሰፊ አጥንት የሳንባውን ፊተኛ ክፍል ይከልለዋል። ብዙ ጊዜ በዚህ መሐል አዳኙ ልብ ያላላት አንዲት ሴት ኤልክ ድንገት ትጮኻለች፤ መንጋውም ቅርንጫፍ እየሰበረ ይጠፋል። በአብዛኞቹ ዓመታት ከአሥር ቀስተኞች ስምንት ወይም ዘጠኙ ከተራራው የሚወርዱት ባዶ እጃቸውን ነው።

በዚህ አደን ላይ የሚደረገው ክርክር ብዙ ጊዜ ፍሬ የማያፈራው ሁለት ጥያቄዎችን ስለሚያደባልቅ ነው። እንስሳን መግደል ይገባል ወይ የሚለው አንድ ነው፤ ይገባል ከተባለ በምን መሣሪያ የሚለው ሌላ ነው። ለመጀመሪያው የተለመደው መልስ ከሥነ ምኅዳር ይነሣል። ኤልክ በ20ኛው መቶ ዘመን መባቻ፣ ለገበያ ሲባል በተደረገው ጭፍጨፋ፣ ከመቶ ሺህ በታች ወርዶ ነበር፤ ዛሬ ወደ አንድ ሚሊዮን ይጠጋል። ለማገገሙም የአደን ፈቃድ ክፍያና እ.ኤ.አ. በ1937 በወጣው የፒትማን–ሮበርትሰን ሕግ በጠመንጃና በጥይት፣ ኋላም በቀስት ላይ የተጣለው ቀረጥ ትልቅ ድርሻ አላቸው። ተኩላ በሌለበት ተራራ የበዛ መንጋ ቁጥቋጦውን ግጦ ይጨርስና በክረምት በረሃብ ያልቃል። የደን ባለሙያውና ደራሲው አልዶ ሊዮፖልድ በወጣትነቱ ተኩላ መግደልን ይደግፍ ነበር፤ አዳኝ አውሬ የጠፋባቸው ተራሮች በአጋዘን ተግጠው ሲራቆቱ አይቶ ሐሳቡን ለወጠ። መከራከሪያው ጠንካራ ነው፤ ቀስትን ግን አይደግፍም። ጉዳዩ የመንጋውን ቁጥር መመጠን ብቻ ከሆነ ጠመንጃ ሥራውን ፈጥኖና በእርግጠኝነት ይጨርሰዋል። ቀስተኛ በሥነ ምኅዳር ሲከላከል የጠመንጃ ባለቤቱን ጋሻ ተውሶ ነው።

በተቃራኒው ወገን ያሉት ፈላስፎችም ሁሉም አንድ ነገር አይሉም። ጄረሚ ቤንተም እ.ኤ.አ. በ1789 ባሳተመው መጽሐፍ የእንስሳትን ጉዳይ ማሰብ ወይም መናገር ከመቻላቸው ለይቶ ከመሠቃየት ጋር አያያዘው፤ ፒተር ሲንገር በ1975 ይህንኑ መሠረት አድርጎ ሥጋ መብላትን ተቸ። ቶም ሬገን በ1983 ከዚያ አልፎ፣ እያንዳንዱ እንስሳ የራሱ ሕይወት ባለቤት ስለሆነ ለመንጋው ጥቅም ሲባል መሠዋት የለበትም አለ። ለሬገን ቀስትና ጠመንጃ አይለያዩም፤ ሁለቱም የተከለከሉ ናቸው። አቋሙ ወጥ ነው፤ ከሉካንዳ ሥጋ እየገዛ አዳኝን የሚወቅስ ሰው ግን ሊጠቀምበት አይችልም። ቤንተምን ለሚከተል ግን መሣሪያው ይለያል፤ ሞቱ በስንት ጊዜና በምን ያህል ሥቃይ መጣ የሚለው ዋና ጥያቄ ይሆናልና።

የአብርሃም ሃይማኖቶች አደንን ይፈቅዳሉ፤ ፈቃዱ ግን ልጓም አለው። ኦሪት ዘፍጥረት ከጥፋት ውኃ በኋላ ለኖኅና ለልጆቹ ሥጋን ሲፈቅድ ደሙን ይከለክላል፤ ዘሌዋውያን በአደን የተያዘ እንስሳ ደሙ ፈስሶ በአፈር እንዲሸፈን ያዝዛል። ዋላ ከሚበሉት ተቆጥሯል፤ የሚያመሰኳውና ሰኮናው የተሰነጠቀው ኤልክም በዚያው መለኪያ ያልፋል። ይሥሐቅ ዔሳውን ቀስቱን ይዞ አድኖ እንዲያመጣለት ልኮታል። የአይሁድ ሊቃውንት ግን የዱር እንስሳም ቢሆን በቢላ መታረድ አለበት ብለው ስለደነገጉ በፍላጻ የሞተ ኤልክ በእነሱ ዘንድ በክት ነው። በ18ኛው መቶ ዘመን የፕራግ ረቢ የነበረው ይሕዝቅኤል ላንዳው ደግሞ ለመዝናናት ማደን የናምሩድና የዔሳው ጠባይ እንጂ የአብርሃም ልጆች መንገድ አይደለም ሲል ፈርዷል።

የእስልምና ሥርዓት ስለ ፍላጻ ራሱ በዝርዝር ይናገራል። በሐዲስ ዘገባዎች ዐዲይ ኢብን ሐቲም ነቢዩ ሙሐመድን ስለ አደን ይጠይቃል፤ ከመልሱ የሚወጣው ደንብ የዛሬ ቀስተኞች እርስ በርስ ከሚሰጣጡት ምክር ጋር መቀራረቡ ያስደንቃል። የአላህ ስም ተጠርቶበት የተወረወረው ነገር በስለቱ ወግቶ ከገደለ ሥጋው ይበላል፤ በጎኑ መትቶ ከገደለ በድብደባ እንደሞተ ስለሚቆጠር አይበላም። ቆስሎ ያመለጠው ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ቢገኝና ከአዳኙ ፍላጻ በቀር ሌላ ምልክት ባይኖርበት ይበላል። ውኃ ውስጥ ሞቶ ከተገኘ ግን የገደለው ፍላጻው ይሁን ውኃው ስለማይታወቅ ይተዋል። ሕይወት ያለውን ነገር የዒላማ መለማመጃ ማድረግም የተወገዘ ነው። እዚህ ላይ የሚታየው ሐሳብ ግልጽ ነው፤ አዳኙ የሞቱ ምክንያት እሱ መሆኑን ማወቅ ይጠበቅበታል፣ መሣሪያውም መቁረጥ አለበት። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ከሥጋ ጋር ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ ማን በማን ስም ባረከው የሚል ነው፤ ብዙ ሐበሻ በሚኖርባት በዴንቨር ጎረቤት የኤልክ ሥጋ ይዞ ቢመጣ ይኸው መነሣቱ አይቀርም። የቀስት ክርክር የሚያተኩረው ግን ከስሙ ይልቅ በአኳኋኑ ላይ ነው።

አኳኋኑን የፍልስፍና ርእስ ያደረገው እስፔናዊው ሆሴ ኦርቴጋ ኢ ጋሴት ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 ለአንድ ባላባት የአደን መጽሐፍ በጻፈው ረጅም መግቢያ ላይ፣ አደን አደን የሚሆነው ታዳኙ የማምለጥ ዕድል ሲኖረው ነው ይላል። የሰው መሣሪያ እየበረታ ሲሄድ ሰው ራሱን ካልገታ አደን ወደ ማጥፋት ይለወጣል። ስለዚህ የአዳኙ ራስን መግታት ከውጭ የተጨመረ ጨዋነት ሳይሆን አደኑ የቆመበት ምሰሶ ነው። እሱ ከመጻፉ በፊት፣ ቴዎዶር ሩዝቬልትና ጓደኞቹ በ1887 ያቋቋሙት ቡን ኤንድ ክሮኬት ክለብ ይህን የመሰለ ሐሳብ ፍትሐዊ አደን በሚል ደንብ ቀርጾት ነበር፤ በ1961 የተመሠረተው የቀስተኞቹ ፖፕ ኤንድ ያንግ ክለብም ወርሶታል።

ሐሳቡ ማራኪ ቢሆንም ስንጥቅ አለው። ፍትሐዊነት የሚባለው ከውድድር የመጣ ነገር ነው፤ ኤልኩ ግን ውድድር ልግባ አላለም። ቢያሸንፍም የሚያገኘው ሽልማት ትናንትም የነበረው ሕይወቱ ነው። የማምለጥ ዕድሉ መብዛቱ ለመንጋው በጠቅላላው ይጠቅም ይሆናል፤ ቀስተኛ ጥቂት ስለሚገድል ግዛቶቹ ረጅም ወቅት ሊፈቅዱለት ይችላሉ። ፍላጻው ለደረሰበት ለዚያ አንድ ኤልክ ግን የሌሎቹ ማምለጥ ምኑም አይደለም። እንግዲህ ደንቡ የሚጠብቀው የአዳኙን ጠባይ ነው። ካንት በእንስሳ ላይ የሚፈጸም ጭካኔን የነቀፈው በእንስሳው መብት ሳይሆን ጨካኙን ሰው ስለሚያበላሸው ነበር፤ የፍትሐዊ አደን ደንብም፣ ደጋፊዎቹ አመኑም አላመኑ፣ የካንት ወገን ነው።

ቀስትን ከጥንት አዳኞች የተወረሰ ራስን የመግታት ልማድ አድርጎ ማቅረብ ደግሞ ከታሪኩ ጋር አይስማማም። የአሜሪካ የቀስት አደን መነቃቃት አንዱ ምንጭ ኢሺ ነው። ኢሺ ከካሊፎርኒያ የያሂ ሕዝብ ብቻውን የተረፈ ሰው ነበር፤ ወገኖቹ በሰፋሪዎች ጭፍጨፋ ካለቁ በኋላ ለዓመታት ተደብቆ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1911 ኦሮቪል ከተማ አጠገብ ወጣ። በሳን ፍራንሲስኮ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም እየኖረ ለሐኪሙ ለሳክስተን ፖፕ ቀስት መሥራትና በቀስት ማደንን አስተማረው፤ በ1916 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። ፖፕ በ1923 ያሳተመው መጽሐፍ ያንን ትምህርት ጠመንጃ ለጠገቡ ከተሜዎች አደረሰ። ኢሺ ዘንድ ቀስት የዕለት እንጀራ መሣሪያ ነበር፤ የተማሪው ተማሪዎች ዘንድ የምነና ምልክት ሆነ። በየሎውስቶን አካባቢ ይኖሩ የነበሩት ቱኩዲካ የሚባሉ ሾሾኒዎችም የተራራ በግ ቀንድ በሙቀት እያለሰለሱ፣ በጅማት እየደረቡ የሚሠሩት ቀስት በጉልበቱ ስመ ጥር ስለነበር ሌሎች ሕዝቦች በውድ ይለውጡት ነበር። ሠሪዎቹ የፈለጉት በእጃቸው ሊገኝ የሚችለውን ትልቁን ኃይል ነበር። ዛሬ ያንኑ የመሰለ ቀስት የሚያነሣ ሰው ድርጊቱ ከእነሱ ጋር ቢመሳሰልም ሐሳቡ የተገላቢጦሽ ነው።

የሰሜን ካናዳ የክሪ አዳኞች እምነት ነገሩን ይበልጥ ያወሳስበዋል። በእነሱ ዘንድ እንስሳው ለሚያከብረው አዳኝ ራሱን ይሰጣል፤ አዳኙም ስጦታውን ተቀብሎ፣ ሳያባክን በልቶ፣ አጥንቱን በሥርዓት ያኖራል። ዩኮን ውስጥ የክሉዋኔ ሰዎች ለመዝናናት ዓሣ ይዞ መልሶ መልቀቅን ራሱን ከሰጠ ፍጡር ጋር እንደ መጫወት ቆጥረው ተቃውመውታል። በዚህ ዓይን ሲታይ የሚሻል መሣሪያ እያለ ደስታን ለማርዘም ደካማውን መምረጥ ምነና መሆኑ ይቀርና ንቀት ይመስላል። ኦርቴጋ የአደኑ ልብ ያለውን እነሱ ነውር ሊሉት ይችላሉ። ከሁለቱ የክሪዎቹ አስተሳሰብ ለኤልኩ ይቀርባል ማለት ይቻላል፤ ቢያንስ እንስሳውን ከጉዳዩ ባለቤቶች አንዱ አድርጎ ይቆጥረዋልና።

ሚዛኑን የሚደፋው ዋጋው በማን ላይ ይወድቃል የሚለው ነው። ጾመኛ ከእህል ሲከለከል የሚራበው ራሱ ነው፤ ረሃቡን በቤቱ ሕፃን ላይ ቢጭነው ጾም መሆኑ ይቀራል። ባህላዊ ቀስተኛ ከሚከፈለው ዋጋ ከፊሉን ራሱ ይከፍላል፦ የወራት ልምምድ፣ ብርድ፣ ባዶ እጅ መመለስ። ከፊሉ ግን የሚጻፈው በኤልኩ ስም ነው። ፍላጻ የጥይት ያህል ንዝረት የለውም፤ የሚገድለው በማድማት ነው። ሁለቱን ሳንባ የበሳ ስለታም ፍላጻ ኤልክን ብዙውን ጊዜ በደቂቃ ውስጥ ይጥለዋል፤ አንዳንዱ ምን እንደነካው ሳያውቅ ጥቂት ተራምዶ ይወድቃል። ጉበቱን የተመታ ለሰዓታት ይቆያል። ጨጓራውን ወይም አንጀቱን የተመታ ግማሽ ቀንና ከዚያም በላይ ሊሠቃይ ይችላል። ፍላጻው ትከሻው ላይ ቆሞ የሄደው ምናልባት ይድናል፤ ካልዳነ በማይታወቅ ሸለቆ ውስጥ ደመ ከልብ ሆኖ ይቀራል። ቆስሎ ያልተገኘ እንስሳ በቆጠራ ውስጥ ስለማይገባም እያንዳንዱ ወገን ለራሱ የሚመቸውን ግምት ይዞ ይከራከራል። አገሮች በዚህ ነጥብ ተለያይተዋል፤ ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1981 ሕጓ የዱር እንስሳን በቀስት መግደልን ከልክላለች፣ ጀርመንም ትልልቁን አውሬ በቀስት ማደን አትፈቅድም፣ ፈረንሳይ ግን በፈቃድ ትፈቅዳለች።

ክልከላው በቂ ምክንያት አለው፤ ሆኖም የሚረታው መሣሪያውን አሳንሶ ርቀቱን የማያሳጥረውን ቀስተኛ ነው። ቀስቱ የሚጠይቀው መተው ሁለት ጊዜ ነው። መጀመሪያ ኃይል ይተዋል፤ ይህ ቤት ውስጥ፣ መሣሪያ ሲመረጥ የሚያልቅ ቀላሉ ክፍል ነው። ሁለተኛው ተራራ ላይ የሚመጣው ነው፦ ኤልኩ 35 ሜትር ላይ ጎኑን ሰጥቶ ቆሟል፣ ጊዜው እየመሸ ነው፣ የፈቃዱ የመጨረሻ ቀን ነው፣ አውታሩም ሳይሳብ ይቀራል። የመጀመሪያውን ብቻ የተወ ሰው የድክመቱን ዕዳ ለእንስሳው አሳልፎ ሰጥቷል። ሁለቱንም የተወው ግን 20 ሜትር ላይ ሲተኩስ ከብዙ ጠመንጃ ያዦች የተሻለ እርግጠኝነት ሊኖረው ይችላል፤ በማይችለው በ500 ሜትር ላይ ዕድሉን የሚሞክር ባለ ጠመንጃ ከእሱ ይልቅ ተወቃሽ ነው። ስለዚህ በጎነቱ ከቀስቱ አይመጣም። ቀስቱ ባለቤቱን ለፈተና ያቀርበዋል እንጂ አያጸድቀውም።

ፈተናውን የሚያከብደው ተመልካች አለመኖሩ ነው። ሊዮፖልድ፣ ቀስቱን በእጁ እየሠራ ያድን የነበረው፣ እ.ኤ.አ. በ1949 በታተመው መጽሐፉ ላይ ይህን የአደን ሥነ ምግባር ልዩ ጠባይ አድርጎ ያነሣዋል፤ አዳኝን የሚያጨበጭብለትም የሚፈርድበትም ከራሱ ኅሊና በቀር የለም። በቀድሞዋ ኢትዮጵያ ዝሆን ወይም አንበሳ የጣለ ሰው ግዳዩን ይዞ ሲገባ ይፎከርለት፣ ይሸለም ነበር፤ ክብሩ ሙሉ በሙሉ የአደባባይ ነበር። የአሜሪካ ክለቦችም ቀንድ ለክተው በመዝገብ ሲያሰፍሩ ወደዚያው አደባባይ ይመለሳሉ። ለቀንዱ የወጣ ሰው 35 ሜትር ላይ የሚያልፈው ነገር ለሥጋው ከወጣው ይልቅ ይከብደዋል፤ ሥጋ ከየትኛዋም ሴት ኤልክ ይገኛል፣ መዝገብ የሚያስገባ ቀንድ ግን በዕድሜ አንድ ጊዜ ቢታይ ነው።

ፍላጻው ከተለቀቀ በኋላም ግዴታው አያልቅም። ልምድ ያለው አዳኝ ወዲያው አይሮጥም፤ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ተቀምጦ ይጠብቃል፣ ከዚያ ፍላጻውን ይፈልጋል። አረፋ ያለበት ደማቅ ደም የሳንባ ነው፤ የጠቆረው የጉበት፤ አረንጓዴ ቅሪት ያለበትና የሚሸተው የጨጓራ ወይም የአንጀት። ለመጨረሻው ዓይነት ስምንት ሰዓትና ከዚያ በላይ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ተከትሎ ማስደንገጥ እንስሳው በመጨረሻ አቅሙ ብዙ ኪሎ ሜትር እንዲሸሽ ያደርገዋል። እዚህ ላይ ሁለት ግዴታዎች ይጋጫሉ፤ በመስከረም ሙቀት ቆዳው ያልተገፈፈ ሥጋ ፈጥኖ ይበላሻል፣ ያልተጠበቀ ቁስለኛ ግን ጭራሽ አይገኝም። የምዕራብ ግዛቶች የሚበላ ሥጋ ጥሎ መሄድን በሕግ ይቀጣሉ፤ ከአንድ ወንድ የሚወጣውን፣ አጥንቱ ተለይቶ እንኳ 100 ኪሎ ገደማ የሚሆነውን ሥጋ ደጋግሞ በጀርባ ማውረድም የአዳኙ ፋንታ ነው።

ኤልኩ ሳይገኝ ሲቀር ግን በብዙ ቦታ ሕጉ ዝም ይላል። ፈቃዱ አንድ ኤልክ ይላል፤ ያልተገኘው ደግሞ እንደተገደለ አይቆጠርም፤ ስለዚህ አዳኙ በማግስቱ ሌላ ፍለጋ መውጣት ይችላል። አንዳንድ ቀስተኞችና አንዳንድ የአደን አስጎብኚዎች ከሕጉ የጠበቀ ደንብ ለራሳቸው አውጥተዋል፦ ደም የፈሰሰበት ፍላጻ ፈቃዱን ጨርሶታል፣ እንስሳው ተገኘም አልተገኘም፣ የቀረው ወቅት ሁሉ ለፍለጋው ነው። ደንቡን የሚያስፈጽም ባለ ሥልጣን የለም፤ የሚጠብቀውም ሰው በዚያ ዓመት ሥጋ ሳይዝ ሊገባ ይችላል።